ለአዲሷ የመድን ወኪል፦ ከቤት ሲወጡ ምን ይይዛሉ? ምንስ ያስቀድማሉ?

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል በመድን ሥራ ለተሰማሩ እኅቶቻችን ትልቅ ትምህርት አለው። አደጋ በደረሰ ቀን የሚታየው በውሉ ላይ የሰፈረው ቃል ነውና፤ ወኪሏ በአፏ የተናገረችው አይቆጠርም።

እንደሚታወቀው በ1967 ዓ.ም. የግል የመድን ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ ሥራው ለረጅም ጊዜ በኢትዮጵያ መድን ድርጅት እጅ ብቻ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች ዳግም ሲፈቀዱ የወኪልነት ሥራም አብሮ ተስፋፍቷል። ውድ አንባቢያችን፣ ምናልባት እርስዎም ሥልጠናዎን ጨርሰው ነገ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገበያ ለመውጣት ተዘጋጅተው ይሆናል።

በቅድሚያ ቦርሳዎን ይመልከቱ። የፈቃድዎ ቅጂና መታወቂያዎ፣ በቂ የመጠየቂያ ቅጾች፣ የአረቦን ተመን ሠንጠረዥ፣ የውሉ ሙሉ ቃል አንድ ናሙና፣ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ አይጉደሉ። ስልክዎ ባትሪው የሞላ ይሁን። ቀኑን ሙሉ በእግር ስለሚሄዱ ዝቅ ያለ ጫማ ይጫሙ፤ ጃንጥላ፣ ለታክሲ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብና ምሳዎን ይያዙ። ክፍያዎ በሸጡት መጠን ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሊከብዱ ይችላሉ። ስለዚህ የትራንስፖርቱን ወጪ ከቤት አስቤዛ ለይተው ያስቀምጡ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

አንደኛ፣ ከመናገር በፊት ማዳመጥ ይቅደም። ባለሱቋ ገዢ በከበባት ሰዓት አይሂዱ፤ ፋታ ስታገኝ ይቅረቧት። ዕቃው የራስዋ ነው ወይስ በዱቤ የመጣ? ሱቁስ ኪራይ ነው? በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አውድሟል። ዕቃው በዱቤ የመጣ ከሆነ እሳቱ ሲጠፋ ዕዳው ይቀራል፤ የልጆች ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያም እንደዚሁ።

ሁለተኛ፣ መድኑ የማይሸፍነውን ሳይሸሽጉ ይንገሩ። በተለይ የንብረቱ ዋጋ አንሶ እንዳይጻፍ ይጠንቀቁ። ለምሳሌ የ400,000 ብር ዕቃ ያላት ነጋዴ አረቦን ለመቀነስ ስትል በ200,000 ብር ብቻ መድን ገባች እንበል። የ100,000 ብር ጉዳት ሲደርስባት በመደበኛው ስሌት የሚደርሳት ግማሹ፣ ማለትም 50,000 ብር ነው። ይህን አስቀድማ ካልሰማች የምታዝነው በእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ቅጹ በእውነት ይሞላ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መድን የሚገባው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። የሕይወት መድን የሚገባ ሰው የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም እንዳለበት ሲነግርዎ «ግድ የለም፣ ይለፍ» አይበሉ። ዛሬ አንድ ደንበኛ ያስገኘልዎ ዝምታ ነገ የእርሱን ልጆች ባዶ እጃቸውን ሊያስቀር ይችላል። የተጠቃሚዎቹም ስም በጥንቃቄ ይጻፍ። ባልም ይሁን ሚስት ውሉ የት እንደተቀመጠ ለቤተሰቡ እንዲናገሩ ያሳስቡ፤ ቤተሰቡ የማያውቀውን መድን ማን ይጠይቀዋል?

አራተኛ፣ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አይቀበሉ። ከተቻለ ደንበኛዋ ራስዋ በኩባንያው የባንክ ሒሳብ ብታስገባ ይመረጣል።

አምስተኛ፣ ሥራዎን ዘመድና ጎረቤት በማስጨነቅ አይጀምሩ። በይሉኝታ የገባ ሰው በዓመቱ ውሉን ላያድስ ይችላል፤ ዝምድናውም ይሻክራል። ዕድርንም አይንቀፉ። ዕድር ቀብሩን ያስፈጽማል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። መድን የሚያስፈልገው ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህን ልዩነት በቅን ልቦና ካስረዱ የዕድርተኞች ስብሰባ ራሱ መልካም የመነጋገሪያ መድረክ ይሆንልዎታል።

በመጨረሻም አዲስ ደንበኛ ፍለጋ የቀድሞዎቹን እንዳያስረሳዎ። የእያንዳንዱን ውል ማብቂያ ቀን በማስታወሻዎ ይመዝግቡ፣ ከቀኑ በፊት ደውለው ያስታውሱ። ጉዳት የደረሰበት ደንበኛ ሲኖርም ለሽያጭ የተመላለሱበትን ደጃፍ ለካሣውም ይርገጡት፤ ማመልከቻውን አብረው ያዘጋጁ፣ የጎደለ ሰነድ ካለ ያሟሉ። ያን ቀን ባለጉዳይዋን ትተዋት ካልሄዱ ጎረቤቶችዋ ራሳቸው ይጠሩዎታል።