ቁርስ በተበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ

በእርግዝና ወቅት የሚመጣ የስኳር በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ስሜት አይፈጥርም። የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ምርመራውም በተለምዶ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል። ጊዜው የተመረጠው በእንግዴ ልጁ ምክንያት ነው።

እንግዴ ልጅ ፅንሱን ከመመገቡ ሌላ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ ሆርሞን በደም ተጉዞ ለሌላ የሰውነት ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማሉ። ኢንሱሊን ደግሞ ከቆሽት የሚመነጭ፣ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንዲገባ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። መዳከሙ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ስኳሩ በእናቲቱ ደም ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ለፅንሱ እንዲተርፍ ያደርጋል። እርግዝናው ሲገፋ ግን ይህ መዳከም ይበረታል። የአብዛኞቹ እናቶች ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ይቋቋመዋል፤ ያልቻለው ወደኋላ ሲቀር ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል።

ስኳር እንግዴ ልጁን ያልፋል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አያልፍም ማለት ይቻላል። ዴንማርካዊው ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን ያስረዳው መዘዝ ከዚህ ይነሣል። ትርፉን ስኳር ለመቋቋም የፅንሱ ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን ያበዛል፤ ያ ኢንሱሊን ስብ ያካብታል፣ ልጁን ያገዝፋል፤ ትከሻው ሰፍቶ ምጡ ይከብዳል። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናት ይመጣ የነበረው ስኳር በአንዴ ይቋረጣል፤ የልጁ ኢንሱሊን ግን ገና እንደበዛ ስለሆነ የደም ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ቶሎ ጡት እንዲይዝና ደሙ እንዲለካ የሚደረገው ለዚህ ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በ9 አገሮች ከ23,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የያዘ ጥናት የእናት ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የገዘፈ ልጅ የመውለድ ዕድሉ በየደረጃው እንደሚጨምር አሳየ። ጉዳት የሚጀምርበት ቁርጥ ያለ ድንበር አልተገኘም። እናቲቱ በየማዕዱ የምታወርደው ጥቂት ስኳር ዋጋ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተለመደው ግብ ምግብ ሳይቀመስ ከ95፣ ምግብ ከተጀመረ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140፣ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች መሆን ነው። ብዙ ጊዜ አስቸጋሪው ቁርስ ነው፤ ማለዳ ላይ ኢንሱሊንን የሚቃወሙ ሆርሞኖች ከፍ ይላሉና። ዳቦ በስኳር ሻይ፣ ወይም ለነፍሰ ጡር ይበጃል ተብሎ የሚቀርብ ገንፎ፣ በዚያ ሰዓት ቁጥሩን ፈጥኖ ሊያወጣው ይችላል። እንጀራውን ቀንሶ እንቁላልና ጎመን ማከል ጭማሪውን ያለዝባል። በጾም ወቅት ሽሮና ምስር ፕሮቲን ቢሰጡም ራሳቸው ስታርች ስላላቸው ከእንጀራው ጋር አብረው ይታሰባሉ። ምግብ መዝለል ግን አይበጅም፤ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ኬቶን የሚባል ውጤት በደም ይበዛል፤ ቀጥሎ የሚበላውም ይበዛል። ከምግብ በኋላ ጥቂት በእግር መሄድ የሚረዳው የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅም ስኳር ስለሚወስድ ነው።

ምግብ በአንዷ ላይ የሚያሳየው ውጤት በሌላዋ ላይ ላይደገም ይችላል። ስለዚህ የተከለከሉ ምግቦችን ዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ የበሉትንና የለኩትን ጎን ለጎን ጽፎ መያዝ ይበልጣል፤ ሐኪሙም የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ካልወረደ ኢንሱሊን ይታዘዛል። ብዙ እናቶች መርፌው ልጁን ይጎዳል ብለው ይፈራሉ፤ ነገር ግን እንግዴ ልጁን ስለማያልፍ ነው የሚመረጠው። እናቲቱም ሰነፈች ማለት አይደለም፤ የእንግዴ ልጁ ሆርሞን በርትቷል ማለት ነው።

እንግዴ ልጁ ሲወጣ የእናቲቱ ስኳር ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። ሆኖም ቆሽቷ አንድ ጊዜ አቅሙ ተፈትኖ ስላነሰ፣ ወደፊት በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዟ ዕድል ከሌሎች እናቶች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከወለደች ከ4 እስከ 12 ባለው ሳምንት ዳግም መመርመር፣ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመት መለካት ያስፈልጋታል።