የወፍ በሽታ ከንግግር መዛባት ጋር ሲመጣ

በገጠሩ የዓይን ቢጫ መኾን «የወፍ በሽታ» ይባላል። አብዛኛው ሕመምተኛ በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። በቢጫነቱ ላይ የንግግር መዛባት፣ ቀንን ከሌሊት ማምታታት ወይም ከባድ እንቅልፍ ከታከለ ግን ጉበት በድንገት ሥራውን እያቆመ ሊኾን ይችላል። «ቡዳ በላው» እየተባለ የሚባክነው ሰዓት ሕይወት ያስከፍላል።

ጉበት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ያመርታል፤ አሞኒያንም ከደም ያስወግዳል። ሲደክም ደም ለመርጋት ይዘገያል፤ የተከማቸው አሞኒያ አንጎልን ያውካል፤ ሊያሳብጠውም ይችላል። ሐኪሞች በሽታውን የሚለዩት ቀድሞ ጉበቱን ባልታመመ ሰው ላይ የደም መርጋት መለኪያው (አይኤንአር) 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ኾኖ የአእምሮ መዛባት አብሮ ሲገኝ ነው። መንሥኤው የጉበት ቫይረስ፣ ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ወይም መርዛማ ዕፅ ሊኾን ይችላል። ሄፓታይተስ ኢ በተለይ በነፍሰ ጡር ላይ ይከፋል።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሕመምተኛው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ይደረጋል። የደም ስኳር በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ይለካል፤ የደከመ ጉበት ስኳር ማቀበል ይሳነዋልና። ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው፣ ደም ካልፈሰሰ ወይም የተለየ ሕክምና ካልታሰበ ፕላዝማ አለመሰጠቱ ነው። ፕላዝማው መለኪያውን ያስተካክላል እንጂ ጉበቱን አያድንም፤ ሐኪሙም የጉበቱን እውነተኛ አቅም ማየት ይሳነዋል። የፓራሲታሞል ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ሲኾን ክኒኑ በተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። ጉበቱ ካላገገመ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው።

አስታማሚ የተዋጠውን ክኒን ብዛትና ሰዓት፣ የተጠጣውን ሥር ወይም ቅጠል ሳይደብቅ ይናገር፤ የተረፈ ካለም ይዞ ይሂድ።