ቲሲፒደምፕ፦ ያልተመለሰ ፓኬት ስንት ይናገራል

ቲሲፒደምፕ በኔትወርክ ካርድ የሚገባውንና የሚወጣውን ፓኬት በትእዛዝ መስመር ላይ እየዘረዘረ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያው ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ቫን ጃኮብሰን፣ ክሬግ ሌረስና ስቲቨን ማካን ጻፉት። ዛሬ ትራፊኩ አብዛኛው ስለተመሰጠረ መሣሪያው ጊዜው አልፎበታል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ደብዳቤው ቢታሸግም ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ይነበባል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥም ጥፋቱ በብዛት የሚታየው እዚያው ነው።

ገጹ አልከፈት አለ እንበል። ተጠቃሚው ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ቲሲፒደምፕን የተመሰጠሩ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በ443 ፖርት ወስነን ስንከፍተው ግን ግንኙነት ጠያቂው ፓኬት በቅንፍ ውስጥ «ኤስ» የሚል ምልክት ይዞ ሲወጣ እናያለን። «አር» ያለበት መልስ ወዲያው ከመጣ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ አገልግሎት ግን የለም። ያው «ኤስ» ከአንድ ሰከንድ በኋላ ቢደገም፣ አሁንም ቢደገምና መልስ ቢጠፋ፣ ወይ ፋየርዎል ዝም ብሎ ውጦታል ወይ ከመንገዱ አንዱ ተበላሽቷል። ያኔ ሰርቨሩ ላይም መክፈት ነው። ሰርቨሩ መልስ እየላከ ከሆነ የተበላሸው የመመለሻው መንገድ ነው። ጥያቄው ደርሶ መልስ ከሌለ ግን ብዙዎች «ፓኬቱ ገብቷል፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው» ብለው ይቸኩላሉ። ሊኑክስ ላይ ቲሲፒደምፕ ገቢውን ፓኬት የሚያየው የማሽኑ የራሱ ፋየርዎል ሳይነካው በፊት ነው፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ መድረሱ ፕሮግራሙ ዘንድ ለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም። ለዚህ ሁሉ አንድም ባይት መፍታት አላስፈለገም።

ዋየርሻርክ በመስኮት ያማረ ነው የሚለው ክርክርም አይጣላኝም፤ ሁለቱም ፓኬት የሚይዙት በአንድ ላይብረሪ፣ በሊብፒካፕ ነው፤ ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ ቀርጾ ፋይሉን ኋላ በዋየርሻርክ መክፈት ይቻላል። የሚያስቆጨኝ ያለ ማጣሪያ ሁሉንም የሚቀርጽ ሰው ነው። ማካንና ጃኮብሰን በ1993 ያቀረቡት ቢፒኤፍ ማጣሪያውን በስርዓተ ክወናው እምብርት፣ በከርነል ውስጥ ያስኬደዋል፤ የማይፈለገው ፓኬት ወደ ፕሮግራሙ ሳይገለበጥ ይቀራል። የስም ፍለጋን የሚያስቀረውን የ«ኤን» አማራጭ የሚዘነጋም አለ፤ ያኔ መሣሪያው የአይፒውን ስም ፍለጋ ራሱ የዲኤንኤስ ጥያቄ ይልክና ሊመረምረው የመጣውን ትራፊክ ያደናግራል። ከሁሉ በላይ፣ ሲዘጋ መጨረሻ ላይ ከርነሉ የጣላቸውን ፓኬቶች ብዛት ይጽፋል። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ «መልስ አልመጣም» ማለት አይቻልም፤ መልሱ መጥቶ ሳይቀረጽ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያውን አጥብቦ እንደገና መቅረጽ ነው።