እስስትን በቤት ለማኖር ለሚፈልግ ሰው፤ ስለ ማደሪያው አሠራር

በአገራችን ቋንቋ ጧት ከአንዱ ማታ ከሌላው ጋር የሚውል፤ ቃሉንም እንደ ጌታው ፊት የሚለዋውጥ ሰው እስስት ይባላል። በአደባባይ የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ስድብ ያውቀዋል። ስድቡ ግን እንስሳውን ያለ ጥፋቱ የሚወቅስ ነው። እስስት መልኩን የሚለውጠው ይልቁንም ከብርድና ከሙቀት፤ ከቍጣና ከፍርሃት የተነሣ ነው። በ2007 ዓ.ም. (በፈረንጆች ቍጥር በ2015) በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት የማዳጋስካርን እስስት መርምረው፤ በቆዳው ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ብርሃን መላሽ ቅንጣቶች መኖራቸውን፤ እንስሳውም በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሲያሰፋና ሲያጠብ ቀለሙ እንደሚለወጥ ገለጡ። እንግዲህ የእስስት ልቡ በቆዳው ላይ ይነበባል ማለት ነው፤ ይህም ለአሳዳጊው ትልቅ ጥቅም አለው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ከርኩሳን ተንቀሳቃሾች ጋር ስለ ተቈጠረ በቤት ማኖሩን የሚጠየፉ አሉ። ነገር ግን በዚያ ክፍል የተከለከለው መብላቱና በድኑን መንካቱ ነው እንጂ በሕይወት ሳለ ማየቱና መመገቡ አይደለም። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ልጅ አይቶ ይመኛል፤ አባት ይገዛል፤ ማደሪያው ግን ከዚያ በኋላ በችኰላ ይሰናዳል። እንስሳውም ሆዱ ሳይጐድል፤ ብርሃኑና ውሃው ስላልተስማማው ብቻ ቀስ በቀስ ይሞታል። ስለዚህ ማደሪያው ተሠርቶ ሳያልቅ እንስሳው ወደ ቤት አይግባ።

ለጀማሪ የሚሻለው የየመን እስስት የሚባለው ነው። አገሩ ከቀይ ባሕር ማዶ የየመንና የሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ ነው። በራሱ ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ቁመት አለው፤ ወንዱም ከነጅራቱ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ወንዱን ከሴቲቱ ለመለየት የኋላ እግሩን ተረከዝ መመልከት ይበቃል፤ ወንዱ ከተፈለፈለ ጀምሮ በዚያ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው። ጀማሪ ወንዱን ይምረጥ። ሴቲቱ ወንድ ሳያገኛት እንኳ ዕንቍላል ትይዛለችና፤ የምትቈፍረው ጥልቅና እርጥብ አሸዋ ካላገኘች ዕንቍላሉ በሆድዋ ቀርቶ ይገድላታል።

የሚገዛውም በሰው ቤት ከተፈለፈለው እንጂ ከዱር ከተያዘው መሆን የለበትም። የዱር አራዊት በንግድ እንዳይጠፉ በፈረንጆች ቍጥር በ1973 በዋሺንግተን የተፈረመው ውል የየመንን እስስት ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር ማሻገርን ይከለክላል። በአገራችንም ደጋ፤ በባሌም በሐረና ጫካ፤ የራሳችን እስስቶች አሉ፤ እነርሱን በዛፋቸው ላይ ሳሉ ማየት ይሻላል።

አሁን ስለ ማደሪያው። እስስት የዛፍ እንስሳ ስለ ሆነ የሚፈልገው ወለል ሳይሆን ከፍታ ነው። ለአንድ ወንድ ወርዱ 60፤ ጐኑ 60፤ ቁመቱም 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ቤት ይበቃዋል። ነፋስ በአራት ማዕዘን እንዲገባበት ሽቦው ወንፊት ይሁን፤ ጥፍሩንና ጣቱን እንዳይጐዳውም ሽቦው በቀለም ወይም በላስቲክ የተለበጠ ቢሆን መልካም ነው። የሽቦውን ቤት በምድር ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ከላይ የሚመጣ ጥላ ለእርሱ የጭልፊት ጥላ ነውና፤ ሰው ከበላዩ ሲያልፍ ሁልጊዜ ይደነግጣል። በጠረጴዛ ላይ ከፍ አድርገው ቢያኖሩት፤ እርሱም ሰውን ቍልቍል ቢመለከት፤ ይረጋጋል። (ከፍ ብሎ መቀመጥን የሚወድ እርሱ ብቻ አለመሆኑን ሁላችን እናውቃለን።)

በውስጡ ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸው ቅርንጫፎች አግድም ይዘርጉ፤ አብዛኞቹም እንደ ሰው ጣት ያሉ ይሁኑ፤ ሁለትና ሦስት ሆነው የተከፈሉት ጣቶቹ እንዲጨብጡአቸው ነው። ከቅርንጫፎቹ መካከል በሸክላ የተተከለ ሕያው ቅጠል ይግባ፤ የቡና ችግኝ ለዚህ ያማረ ነው። የየመን እስስት ቅጠልም ይቀምሳልና መርዝ ያለበት እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ወተቱ ዐይን የሚያጠፋ ቅንጭብና ቍልቋል ፈጽሞ አይቅረብ። ቅጠሉም ጥቅጥቅ ይበል፤ መሰወሪያ የሌለው እስስት ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ይውላልና።

ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ከቤቱ ጣራ ውጭ፤ በአንድ ወገን፤ የሚያሞቅ አምፑል ይሰቀላል። ከበታቹ ያለው ቅርንጫፍ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሙቅ፤ የቀረው ክፍል ከ22 እስከ 26 ይሁን፤ እንስሳው ሙቀቱንና ቅዝቃዜውን ራሱ ይመርጣል። በግምት መሥራት ስለማይገባ ቴርሞሜትር ይግዙ። ሁለተኛው መብራት አልትራ ቫዮሌት የሚባለውን የፀሐይ ጨረር የሚሰጠው ረዥሙ መብራት ነው። ያለዚህ ጨረር የበላው ካልሲዩም ወደ አጥንቱ አይደርስም፤ እግሩ ይጐብጣል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይህን አይተካም፤ መስተዋቱ ጨረሩን ያስቀረዋልና። መብራቱም ለዐይን እያበራ ሳለ ጨረሩ ስለሚደክም በየዓመቱ ይለወጥ። ሁለቱም መብራቶች ለ12 ሰዓት ያህል ይበራሉ፤ ሌሊቱ ግን ጨለማና ቀዝቃዛ ይሁን።

ውሃ በሳሕን ቢያቀርቡለት ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በአገሩ የሚጠጣው ጤዛን ከቅጠል እየላሰ ነው። ስለዚህ ጧትና ማታ ቅጠሉን በደቃቅ ውሃ መርጨት፤ በመካከሉም ቤቱ እንዲደርቅ መተው ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ የረጠበ ቤት ሳንባውን ያሳምመዋል። ከታች የሚጠራቀመውን ውሃ የሚቀበል ዕቃ ይደረግ።

ምግቡ ፌንጣና አንበጣ የመሳሰለው ነው፤ ከራሱ ስፋት የሚበልጥ አይሰጠው፤ መድኃኒት ከተረጨበት እርሻም አይለቀም። የካልሲዩም ዱቄት ይነስነስበት። ትንሹ በየዕለቱ፤ ያደገው በየሁለት ቀኑ ይበላል። ሳይበላ የቀረው ፌንጣ ይውጣ፤ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ይነክሰዋልና።

በአንድ ቤት ሁለት እስስት አይግባ፤ መስተዋትም አይቅረብ፤ የራሱን ምስል ጠላት አድርጎ ይገመግመዋል። ለልጆች አስቀድሞ የሚነገረው ይህ እንስሳ የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ አለመሆኑ ነው። የነካውም ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሆድ የሚያሳምም ሳልሞኔላ የሚባል ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላልና። ወንዱ በመልካም አያያዝ ከአምስት ዓመት በላይ ስለሚኖር፤ ቢሰለቹትም በሜዳ አይለቀቅ። በፍሎሪዳና በሐዋይ ሰዎች የለቀቁት ተራብቶ ለአገሬው ፍጥረት ሥጋት ሆኖአል።

ማደሪያው ሲያልቅ አንድ ሳምንት ባዶውን መብራቱን እያበሩ፤ ውሃውን እየረጩ፤ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ እንስሳውን አምጥተው በቅርንጫፉ ላይ ይተዉት። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቢጠቍርና ጥቂት ቢበላ አያስደንግጥ። ነገር ግን በቀን ዐይኑን ጨፍኖ ቢቀመጥ ወይም ቅርንጫፉን መጨበጥ ቢያቅተው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩለት።