ስለ ሶፍትዌር አላላክና ስለ ኮምፒዩተር ጥበቃ

በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ሁሉ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ መዝገብ ቤት እንደማይቀበለው ታውቃላችሁ። አምጪው ወዳጅ ቢሆንም እንኳ ደንቡ አይለወጥለትም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርም አዲስ ሶፍትዌር ሲቀርብለት «አዘጋጁ አይታወቅም» ብሎ የሚከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዳንድ አዘጋጆች ግን ይህን ክልከላ ባዩ ጊዜ ለተጠቃሚው «ማስጠንቀቂያውን አልፈህ ጫነው» ወይም «የቫይረስ መከላከያውን ዝጋው» ብለው ይጽፉለታል። ይህ ምክር ብርቱ ጉዳት አለው። ሌባም የሚጽፈው ይህንኑ ቃል ነውና፥ ሠራተኛው ቅኑን ከተንኰለኛው የሚለይበትን ምልክት ያጣል።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው? አንደኛው ዲጂታል ፊርማ ነው። ይኸውም ከፋይሉ ይዘት በስሌት አጭር አሻራ ይወጣለታል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። አዘጋጁ በእርሱ እጅ ብቻ በሚገኝ ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈርምበታል፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ደግሞ ለሁሉ በተገለጠው ጥንድ ቁልፍ ያረጋግጠዋል። የቁልፉን ባለቤት ማንነት የሚመሰክረው ሰርተፊኬት ሰጪው ድርጅት ነው።

ሁለተኛው፥ ሶፍትዌሩ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አለመጠየቁ ነው። በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ተጭኖ ሊሠራ የሚችል ከሆነ፥ መላው ኮምፒዩተር የሚታዘዝበትን የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ማኅተም የላኪውን ማንነት እንጂ የይዘቱን ደግነት አይመሰክርም። በ2009 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2017) ወንጀለኞች ሲክሊነር የተባለውን የኮምፒዩተር ማጽጃ ሶፍትዌር ከሚያዘጋጀው ድርጅት ኮምፒዩተሮች ሰርገው በመግባት ጎጂ ትእዛዝ ጨመሩበት። ሶፍትዌሩም ትክክለኛውን ፊርማ እንደ ያዘ ወደ 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ደረሰ።

ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ፥ ሶፍትዌሩን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ከመላክ ይልቅ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ማቅረብ ነው። ክፍሉም ከሌሎቹ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ፈትኖ፥ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መዝግቦ፥ ለሚያስፈልጋቸው ሁሉ ያድላል።

ይህ ሥርዓት ጥቂት ቀን ያዘገይ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሰዓት ለማትረፍ ብሎ ጥበቃውን የሚዘጋ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ በሙሉ ለጥፋት ሊዳርግ ይችላልና፥ «አተርፍ ባይ አጉዳይ» የተባለው ይደርስበታል። እንግዲህ ኮምፒዩተራችሁ በከለከላችሁ ጊዜ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ማኅተሙን መርምሩ፤ ማኅተሙም ቢኖር ለኮምፒዩተር ክፍላችሁ አሳዩ።