ማሕፀንን በድምፅ ማየት
ልጅ ለዘገየባቸው ባልና ሚስት የቀረበ የጤና ትምህርት

 

የዛሬው ትምህርታችን ልጅ ለዘገየባቸው ባልና ሚስት ስለሚታዘዘው የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው። ብዙ ሴቶች ይህ ምርመራ ሲታዘዝላቸው ይደነግጣሉ። «ምን ሊያደርጉኝ ይሆን?» ብለው ከቀጠሯቸው የሚቀሩም አሉ። ስለዚህ ምርመራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ ልጅ ዘገየ የሚባለው መቼ ነው? ባልና ሚስት የእርግዝና መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ አዘውትረው አብረው እየተኙ አንድ ዓመት ሙሉ እርግዝና ካልመጣ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባቸዋል። ሴቲቱ ዕድሜዋ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከ6 ወር በኋላ መዘግየት የለባቸውም። የወር አበባዋ የሚዛባ ወይም የሚቀርባት ከሆነም ቶሎ መታየት አለባት። ችግሩ የጥቂት ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2023) ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል።

ታዲያ አልትራሳውንድ ምንድን ነው? ገደል አፋፍ ቆማችሁ ስትጣሩ ድምፃችሁ ከማዶ ተጋጭቶ ይመለሳል። ይህንን ገደል ማሚቶ እንለዋለን። መሣሪያውም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የሰው ጆሮ ሊሰማው የማይችል ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል። ድምፁ ከማሕፀንና ከእንቁልጢ ተጋጭቶ ሲመለስ፣ መሣሪያው ተቀብሎ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሥዕል አድርጎ ያሳየዋል። ዘዴው አስቀድሞ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ ነበር። በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ፣ ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው የሴቶችን ሆድ መርምረው ያገኙትን ውጤት በ1950 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1958) በሕክምና መጽሔት አወጡ። አልትራሳውንድ ከራጅ ይለያል፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። ማሕፀንን አይጎዳም፤ መውለድንም አይከለክልም።

አሁን ደግሞ ለምርመራ የተቀጠርሽውን እኅታችንን ላናግር።

እኅቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው፣ «በስንተኛው ቀን ልምጣ?» የሚለው ነው። የወር አበባሽ የመጣበት ዕለት አንደኛው ቀን ይባላል። በእንቁልጢ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ለመቁጠር ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይመረጣል። «ደም እየፈሰሰኝ እንዴት ይሆናል?» ብለሽ አትፈሪ። ባለሙያው የለመደው ነገር ነው፤ ነውርም የለበትም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ «የምታዩኝ ከሆድ በላይ ነው ወይስ በብልት በኩል?» የሚለው ነው። ከሆድ በላይ ከሆነ ውኃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ቋጥረሽ ትሄጃለሽ። በብልት በኩል ከሆነ ግን ሽንትሽን ሸንተሽ ትገቢያለሽ። ለመውለድ ችግር ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም መሣሪያው ወደ ማሕፀንና ወደ እንቁልጢ ስለሚቀርብ አጥርቶ ያሳያል።

ክፍሉ ውስጥ ከወገብሽ በታች ያለውን ልብስ አውልቀሽ በአንሶላ ትሸፈኛለሽ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን ታጥፊያለሽ። ባለሙያው ቀጭኑን መመርመሪያ ንጹሕ ኮንዶም የመሰለ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ዝልግልግ ያለ ቅባትም ይቀባዋል። ላስቲክ ጓንት የሚያሳክክሽ ወይም የሚያሳብጥሽ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። ከዚያ ቀስ ብሎ ያስገባና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞረዋል። መጫን ይሰማሽ ይሆናል፤ ከባድ ሕመም ግን መኖር የለበትም። ካመመሽ «አመመኝ፣ ቁሙ» በይ። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ ወይም እኅትሽ አብራሽ እንድትገባ መጠየቅም መብትሽ ነው። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። መርፌ የለውም፤ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ እንደጨረሽ ተነሥተሽ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ።

ባለሙያው የሚያየው ምንድን ነው? የማሕፀንን ቅርጽ፣ የውስጥ ግድግዳውን ውፍረት፣ በማሕፀን ውስጥ የበቀለ እጢ እንዳለና እንደሌለ ያያል። በእንቁልጢ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት መኖሩንም ይመለከታል። ትናንሾቹን የእንቁላል ከረጢቶች ይቆጥራል። አንዳንድ ጊዜም በየጥቂት ቀኑ ተመለሽ ሊልሽ ይችላል። ይህ ለማንገላታት አይደለም። አንደኛዋ ከረጢት አድጋ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ስትደርስ ፈንድታ እንቁላል ትለቃለች፤ ባለሙያው ይህንን ነው የሚጠብቀው።

ይህንን ግን ልብ በሉ! ተራው አልትራሳውንድ የማሕፀን ቱቦዎች ክፍት መሆናቸውን አያሳይም። ቱቦዎቹ በአባላዘር በሽታ፣ በቲቢ ወይም ንጽሕና በጎደለው ውርጃ በመጣ ቁስለት ሊዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ «ማሕፀንሽ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ፣ ፈሳሽ በማሕፀን በኩል ተጨምሮ የሚደረግ ሌላ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ሊታዘዝ ይችላል። እንዲሁም የከረጢቶቹ ቁጥር ትንሽ ነው ቢባል «ከእንግዲህ አትወልጂም» ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ ሥዕል ያሳያል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

አልትራሳውንዱ ከቶ የማያሳየው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም የባልየውን ጤና ነው። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። ሚስት ሦስትና አራት ጊዜ ስትመረመር ባል አንድ ቀን እንኳ ያልታየበት ቤት ስንት ነው? «መካን» ተብላ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ከሌላ አግብታ የወለደች ሴት በየመንደሩ አልሰማችሁም? ወንድሜ፣ የአንተ ምርመራ ከእሷ ይቀላል። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥበህ የዘር ፈሳሽህን በንጹሕ ዕቃ መስጠት ብቻ ነው። ይህም ወንድነትን አይቀንስም። በስንፈተ ወሲብ የማይቸገር ሰው እንኳ የዘር ፍሬው ሊያንስ ይችላልና። ስለዚህ ካርድ ስታወጡ ሁለታችሁም አውጡ።

የአልትራሳውንድ መሣሪያ በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ይገኛል። ከዚያ በላይ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸውም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። የውጤት ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ያስፈልጋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ከመሰነባበታችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በቤታችሁ ተወያዩባቸው፦

1. ልጅ ከዘገየ፣ ባልና ሚስት ወደ ሐኪም መሄድ ያለባቸው መቼ ነው?
2. ሽንት የሚቋጠረው ለየትኛው ምርመራ ነው? የሚሸናውስ?
3. ተራው አልትራሳውንድ የማያሳየው ምንድን ነው?
4. ባልየው መመርመር ያለበት ለምንድን ነው?

በሌላ ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።