ልጆቻችንና የቴሌቪዥኑ ትግል



ኢስላም ቤተሰብን ጨዋታ ከማየት አልከለከለም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከልለው፣ እስክትጠግብ ድረስ አብረዋት እንደቆሙ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ልጆቻችን የሚወዱት የአሜሪካ ሬስሊንግ ግን አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት ትርዒት ነው። ሕፃን ይህን አያውቅም፤ ያየውን በታናሽ ወንድሙ ላይ ይሞክራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስድብና እርቃንነት በዝቶበት ነበር። አዘጋጁ ደብሊው ደብሊው ኢ በ2008 (እ.ኤ.አ) ለቤተሰብ እንዲስማማ አለዘበው። ስለዚህ መታረም ይችላል ማለት ነው። ሆኖም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ፊትን መምታት አልቀረም።

የዕድሜ ምልክት ወላጅን አይተካም። ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን እንይ፤ ትርዒት መሆኑን እናስረዳቸው፤ ነውር ሲመጣ እንዝጋው። ወላሁ አዕለም።